ከላይ የተቀባ ወርቅ

ሐዴራ፣ ከመናኸሪያው ኋላ፣ ከጫማ ሰፊው አጠገብ፣
ሃያ ዓመት ቆሜያለሁ፤ ወረቀት ስቆልል፣ ለማሽን ቀለም ስመግብ።
የሰርግ ጥሪ፣ የሐዘን ማስታወቂያ፣ የፒሳ ዋጋ ዝርዝር፣
ሁሉም በእጄ አልፏል፤ ሁሉም ደርቋል በአንድ ክር።
እንግሊዝኛ አላነብም። መልኩን ግን አውቀዋለሁ፤
ፊደሉ ቀለም ሲጠግብ፣ ሲያብጥ፣ ሲሳሳ አየዋለሁ።

ማክሰኞ አመሻሽ ኦስናት መጣች፣ የባይነሳኝ ልጅ፣
ከጦሩ ከተሰናበተች ወር ያልሞላት፣ ስልኳን ጨብጣ በእጅ።
እዚህ እንደተወለደ ሁሉ "አንተ" ነው የምትለኝ፤
"ጋሼ፣ ወረቀት ታውቃለህ፤ እስቲ ይቺን እይልኝ።
ታይላንድ ልሄድ ነው፣ ለልጆች እንግሊዝኛ ላስተምር፤
ኮርሱ ስድስት ሳምንት ነው፣ ከአልጋዬ ሳልወርድ የምማር፤
ዋጋው አራት ሺህ ሸቀል፣ ቅናሹ እሑድ የሚያልቅ፤
ሰርተፊኬቱ ዓለም አቀፍ፣ ማኅተሙም" አለች "የወርቅ።"

አራት ሺህ።
ሳህን ተሸክማ፣ በየጠረጴዛው ፈገግ እያለች የለቀመችው።
ምንም አላልኩም። ስልኩን ወደ መብራቱ አስጠጋሁት።

አንበሳ ልሁን ያለ ድመት፣ ዙሪያውን የስንዴ ዛላ፣
ከጆሮው በላይ ክብ ፊደል፣ ወገቧ ላይ ስንጥቅ አዝላ።
ያቺን ስንጥቅ አውቃታለሁ። የኔ ናት። አምና ለፋሲካ
የናሱ ቅርጽ ከእጄ አምልጦ ወለሉን ሲነካ፣
ግሪሻ "ተወው፣ ማን ያይልሃል!" ያለኝ እያሽካካ።

ሰውየውም ትዝ አለኝ፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ፣
አንድ ሺህ ቅጂ ያዘዘ፣ በወፍራም ወረቀት፣ ወርቅ የተቀባ።
በሳምንቱ ተመለሰ፤ በሌላ ስም፣ በዚያው ጫማ፤
"ኮርስ የምንመዝን ማኅበር ነን" አለ፤ ግሪሻም ሰምቶ እንዳልሰማ።
መዛኝና ተመዛኝ፣ በአንድ ቼክ፣ በአንድ ፊርማ።

"ታዲያ?" አለች ኦስናት።
መሳቢያዬን ሳብኩና የተበላሹ ሁለት ወረቀቶች አወጣሁ፣
የትምህርት ቤቱን፣ የመዛኙን፤ ጎን ለጎን አነጠፍኩ፣
ጣቴን ከስንጥቅ ወደ ስንጥቅ ወሰድኩ።
የኛ ሰው ወርቅ ሲፈልግ ሰሙን ይገልጣል ወደ ታች፤
ይህ ወርቅ ግን ላይ ነው ያለው፤ በጥፍሯ ብትፍቀው ተላጠ፣
ነጩን ወረቀት አገኘች።

ዝም አለች። ከዚያ፣ "እውነተኛውንስ በምን ልወቀው?"
እኔ ምን አውቃለሁ! እንዲያው ያህል ጠየቅኋት፤
አስተማሪው ስም አለው ወይ? ልጆች ፊት ቆመሽ ስትርበተበቺ
ከኋላ ተቀምጦ የሚያይሽ ሰው አለ ወይ? ስትስቺ
"ተሳስተሻል" የሚልሽ?
ወይስ አፉ የለመደው "ክፈይ" ብቻ ነው?

እኛንም አዲስ አበባ ሳለን መዝነውናል፤
ማን መሆናችንን ለማመን ስንት ማኅተም ጠይቀውናል።
የወረቀት ነገር... ይቅር፣ ዛሬ አላነሳውም።

እሷ ግን አጎንብሳ ታነባለች። ድንገት ሳቀች።
"ጋሼ! 'አስተማሪ' የሚለው ቃል ራሱ ፊደል ጎድሎታል!"
"የቱ ጋ?"
"እዚህ ጋ።" ጣቴን ይዛ አሳየችኝ፤ ድምፁን ነገረችኝ።
አልኩት። "አይደለም" አለች። ደገምኩት።
አንድ ሺህ ጊዜ ያተምኩትን ቃል
በስልሳ አንድ ዓመቴ ያን ማታ አነበብኩት።

ግሪሻ ጠዋት ምን እንደሚል አላውቅም።
የናሱ ቅርጽ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ነው፤
አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር ጉልበቴ ላይ ይንኳኳል።