ባዶ የተውኩት መስመር

ክተቱ ታወጀ፤ ኩታበር ገበያ
ወንዱ ተሰለፈ ከሾላው ወዲያ።
ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ደብተር በጉልበቴ፣
ቀንድ ሙሉ ቀለም ተተክሎ ከፊቴ።
ቀለሙ ጥላሸት፤ ጥላሸቱ ደግሞ
ካበጋዝ ምድጃ በቅል ተለቅሞ።

አበጋዝ ቀጥቃጩ።
አባቱ ምን ታይቶት የጦር መሪ ስም እንዳወጣለት
እንጃ፤ ቀዬው ግን በሆዱ ይስቃል፣ ስሙን ሲጠራለት።
ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣
በሱ እጅ ያልዳነ ስንት ነው? ቁጠሩ።
ያንዱን ምላጭ ስሎ፣ ያንዱን ሰደፍ ጠግኖ
ሌሊቱን ያነጋል፣ ከወናፉ ጋራ አብሮ ተንፍሶ፣ አብሮ በግኖ።

ተራው ደረሰና ቆመ።
ብዕሬን ነክሬ «አ» ብዬ ስጀምር
ቀኛዝማች ጓንጉል ክንዴን ያዝ አርገው፣ «ተው» አሉኝ በከንፈር።
«አጥንቱን አታውቅም? ይኸ እኮ ጠይብ ነው፤
ቁስለኛ ካየብን ማን ሊያገግም ነው?
ጠመንጃው ይዝመት። ሰውዬው ግን ይቅር፤
ዶማና ማረሻ ማን ይቀጥቅጥ ላገር?»

አንድ ሰው አልሳቀ። አንድ ሰው አልተቆጣ።
የቀኛዝማች እህት ልጅ፣ ጢም ያላወጣ፣
ጠመንጃውን ሊወስድ እጁን ዘርግቶ መጣ።
አበጋዝ አልነፈገው። ማንገቻውን ፈታ፣
ለልጁ ነገረው፣ ቀስ ብሎ፣ በዝግታ፦
«ብርድ ላይ ምላጩ እንቢ ይልሃል፤
በመዳፍህ አሙቀው፣ ይታዘዝሃል።»

ከዚያ ቁልቁል ሄደ።
እኔስ? ቀለቤ ነው ከቀኛዝማች ደጅ፤
ምንም አልተነፈስኩ፤ በስሙ ልክ ባዶ መስመር ተውኩ እንጅ።

ማታ ሲቆጥሩ አዩት። «ወረቀት ታባክናለህ?»
«ምን ልጻፍ፣ ጌታዬ?»
«በቅሎዋን ትረሳለህ?»
ጻፍኩ፦ «በቅሎ፣ አንዲት፣ ዳማ፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ።»
ባበጋዝ ጥላሸት። ቀለሙም ደመቀ።

ሰሜን ላይ፣ ከሰማይ የረጨብን መርዝ አጥንት አልመረጠም፤
ቀኛዝማች አልቀሩም፣ ልጁም አልተረፈም።
ሳገኘው መዳፉ ከምላጩ ላይ ነው።
ሲያሞቀው ይሆን? እንጃ። እኔ ነኝ የከደንኩት፣ ዓይኑን የገጠምኩለት፣
ጠመንጃውን ግን መንጠቅ አልቻልኩም ከጣቱ፣ ተውኩለት።

ኩታበር ስመለስ ወናፉ ተቀዷል፣ ምድጃው ቀዝቅዟል።
አንዱ፦ «ብቻውን፣ ጦር ሠርቶ፣ ወደ አምባሰል ወጥቷል።»
ሌላው፦ «የለም፣ በወረርሽኙ ሞቷል።»
ሚስቱን ልጠይቅ ደጇ ድረስ ሄድኩ፤ አይታኝ በሩን ዘጋችው።

ደብተሩ እኔ ዘንድ አለ። ዳሩን አይጥ በልቶታል፤
ከስሞቹ እኩሌታው አይነበብም።
በቅሎዋ ትነበባለች።