ቀይ ክር

ገላን ላይ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ቆርቆሮ በሚያፏጭበት፣
አሥራ ሁለት ሜትር ጠረጴዛ አለኝ፣ ማንም እህል የማይበላበት።
ሰፈርተኛው «ዣንጥላ ጠጋኟ» ብሎ ስም አውጥቶልኛል፤
ሐምሌ ሲገባ ሽቦው የወለቀ፣ እጀታው የላላ ይመጣልኛል።
እጠግናለሁ፣ ምን ቸገረኝ። የዝናቡ ቢያፈስ ትከሻ ነው የሚርሰው፤
የኔኛው አንዴ ከዋሸ ግን፣ ፍርዱን መሬት ነው የሚጨርሰው።

መቶ አለቃ አስናቀ ያስተማሩኝ ደንብ አንድ ገጽ አይሞላም፦
ያጠፈ ይፈርማል፤ የፈረመ «አላየሁም» አይልም።
መቀስ፣ መርፌ፣ መንጠቆ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል፤
አንድ ከጎደለ፣ ፓራሹቱ እንዳልታጠፈ ይቆጠራል።

ቅዳሜ መንጠቆ ጎደለኝ።

ቶሌራ በሩ ላይ፣ ብርዱን ሰበብ አድርጎ እጁን እያሻሸ፦
«ፈርሚልኝ በቃ፣ አውሮፕላኑ ሞተር አስነስቷል፣ ቀኑ እኮ መሸ፤
የምዘለው እኔ፣ ኃላፊነቱንም እኔው እወስዳለሁ።»
«ትወስዳለህ፤ ከሦስት ሺህ ሜትር ላይ ለማን ታስረክበዋለህ?»

ቀዩን ክር በጠስኩት። ናይሎኑን በሙሉ ዘረጋሁ፣
ገመድ በገመድ፣ እጥፋት በእጥፋት፣ በጣቴ ጫፍ ፈለግሁ።
የለም።
የተገኘው ማታ ነው፣ እትዬ ድንቄ ዣንጥላ ውስጥ፣
ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ፣ እንደ ሌባ ጸጥ።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩት፦ ጥፋተኛ፣ ዘነቡ ጫኔ፤
ሁለት ሥራ ባንድ ጠረጴዛ የቀላቀልኩ እኔ።
እንደገና አጥፌ፣ በአዲስ ቀይ ክር አስሬ ስፈርም ሌሊቱ ነጎደ።
ቶሌራማ ገና በቀን፣ ተሳድቦ፣ በሩን ወርውሮ ሄደ።

በእግሩ ሄደ።