የጉልበቴ ሎሚ

መጀመሪያ የከዳችኝ ሄርማታ ገበያ በር፣
ከሚኒባስ ስወርድ፤ ዝናቡ አባርቶ ነበር።
«ቀጭ» ስትል ዞር አልኩ፣ የሰው ዕቃ የሰበርኩ መስሎኝ፤
ለካ ሎሚዬ ወደ ጎን ሸሽታ፣ ጭቃው ተቀበለኝ።

ሙያዬ ወለል ማንጠፍ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ
የሰው ቤት ሴራሚክ ሳቃና፣ እየዳኘኝ ውሃ ልኬ፣
የገዛ ሎሚዬ ግን፣ እንደ ላላ ሰድር ከሥሯ
ስትነቃነቅ መክረሟን አልነገረኝም ጅማት አጥሯ።

ወጌሻው አባ ዲጋ በቅቤ አሽተው መለሷት፤
በሦስተኛው ሳምንት ኮበለለች፣ ከነቅቤዋ አጣኋት።

ከዚያ ሆስፒታል ነው። ሲስተር ፈቲያ፣ እጇ ቀዝቃዛ፣
ጫን ጫን አደረገቻት፣ ከጉሊት ሎሚ መስላ የምትገዛ።
«ሎሚዋ ምን አደረገች?» አለች፤ «ጭንህ ነው የሰነፈ፤
ዘበኛው በር ላይ ካንቀላፋ፣ ማን ያልወጣ፣ ማን ያላለፈ?»
ፎጣ ጠቅልላ ከጉልበቴ ሥር አስገባች፤ «ተጫነው።
እስከ አስር ቁጠር። ልቀቅ።»
ይሄ ነው መድኃኒቱ? ይሄ ነው?
እኔ ኩንታል ስሚንቶ ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ያደረስኩ፣
አንዲት ፎጣ መጫን አቅቶኝ ተንቀጠቀጥኩ፤ በላብ ራስኩ።

በአንድ ቃል ጠርተናቸው፣ ጉልበት አቅም፣ ጉልበት ማጠፊያ፣
አንዱ ሲወልቅ ሌላው ወለቀ፤ ቀረሁ ያለ መተዳደሪያ።

ቦሳ፣ ኪራይ ቤቴ። ክረምቱ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
እግሬን ቀጥ አድርጌ አነሳለሁ፤ አየር ላይ ይዘገያል።
የአከራዬ ልጅ ኢክራም በር ላይ ቆማ ትቆጥርልኛለች፤
ስምንትን አታውቅም፣ ከሰባት ዘጠኝ ትገባለች።
አላረምኳትም። ያቺ ስምንት ለእኔ ምሕረት ናት።

ግድግዳ ተደግፌ እቀመጣለሁ፤ ከሥሬ ወንበር የለም፤
ጭኔ ይነዳል፣ ይርዳል፤ ሰዓቱ አይንቀሳቀስም።
በርጩማ እንኳ ሦስት እግር አለው፤ የእኔ ሁለት፣ አንዱ አድመኛ፤
«አስራ አንድ ሰከንድ» ይለኛል ስልኬ፤ ልቤ ግን ልተኛ፣ ልተኛ።

በሁለተኛው ወር ደረጃ አመጣች፣ የእንጨት፣ አንድ ስንዝር፤
«መውጣቱን ማንም ይወጣል፤ አሁን ውረድ፣ ሳትደናበር።»

ትናንት ጅሬን ወጣሁ። ከላይ ሲያዩት ከተማው ጣራ በጣራ፣
አዌቱ ቡኒ ሆኖ ያልፋል፤ ባጃጅ ከታች ይጣራ፣ ይጣራ።
ቁልቁለቱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። እጄን ሎሚዬ ላይ ጣልኩ፤
አንዱን እግር። ቀጥሎ ሌላውን። ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ፤
ስድስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ...
ጠጠሩ ተንሸራተተ።
ጭኔ ከእንቅልፉ ባነነ፤ ሎሚዬን ጉያው ከተተ።

ነገ ሥራ አለኝ፣ አጂፕ አካባቢ፣ አርባ ካሬ ወለል፤
ስፖንጅ ገዛሁ ለመንበርከኪያ፤
ፎጣዋንም እስቲ ልጠቅልል።