«መርዝ አይደለም» ይላል

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ከባለ አንድ በር ኬክ ቤቴ ሚዜው ምኒችል ገባ።
ከደረት ኪሱ ውስጥ ብልቃጥ አወጣ፤
መዳፉ ላይ ቢነቀንቃት፣ የወርቅ ዱቄት መጣ።
«ይቺን ነስንሺበት፣ ኬኩ ይብራ፣ ይንደድ፤
እስከ ጅጋ ያውራው የይበልጣል ዘመድ።»

መነጽሬን ሰካሁ፤ ከብልቃጡ ግርጌ
እንደ ውል አንቀጽ ደቃቅ ፊደሉን ፈልጌ
አነበብኩ።
«መርዝ አይደለም» ይላል።
«ይበላል» አይልም።

«ምን ልዩነት አለው?» አለኝ ልጁ ሲስቅ።
ልዩነቱንማ እኔ ነኝ የማውቅ።
የብር ወንዝ ጠጠርም መርዝ አይደለም፣ ልጄ፤
ይኸው አዝራሩም፣ ያለው እላይ እጄ፤
በጥሼ ላጉርስህ? ትበላለህ፣ ወዳጄ?

አምና ደንበጫ ላይ፣ ለአንድ ሰርግ ታዝዤ፣
ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ብልጭልጩን ይዤ፣
ሌሊቱን ነሰነስኩ፣ በእንቅልፍ ፈዝዤ።
ለተማሪ ሥዕል፣ ለገና ካርድ የሚሆን
የደቀቀ ላስቲክ ነው፤ የገባኝ ግን አሁን።
ሰው አልታመመበት። ማንም አልጠየቀኝ።
ሒሳቤን ተቀበልኩ፣ ሙሽራዋም ሳመችኝ።
ብቻ አንድ ሽማግሌ፣ ጋሽ አንማው የሚባል፣
ኬኩን እንዳጣጣመ ሊመርቅ ይነሣል፤
ነጩ ጢሙ መሐል ሰማያዊ ያበራል።
«ውለዱ፣ ክበዱ፣ ቤታችሁ ይሙላ» ይላል፤
በያንዳንዱ ቃል ላስቲክ ይበተናል።
ሁሉም አሜን አለ። የኔ አሜን ግን ዘገየ፣
ምላሱ ላይ ያለውን ዓይኔ ስላየ።
ማታ እጄን ታጠብኩ፤ አልለቅ አለ፤
ከጥፍሬ ሥር አለ፣ ከትራሴ አለ፤
እስከ ፋሲካ ድረስ ከነጠላዬ ጥለት ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

«እና ጨለማ ይሁን?» አለኝ።
ና ተቀመጥ፣ አልኩት፣ ያንን አስቀምጠው፤
ስኳር አለኝ፣ ውሃ አለኝ፣ እሳት ነው የቀረው።
በድስት ጣድኩት፤ ማማሰያ አላስጠጋም፤
የነካኩት ስኳር መስታወት ሆኖ አይረጋም።
አረፋው ትልቅ ነበር፤ ቆይቶ አነሰ፤
ከድስቱ ጠርዝ ወርዶ ዶቃ እያከለ፣ ተመለሰ።
አንዷን ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጣልኳት፤
ቀጭ! አለች እንደ በረዶ፣ በጥርሴ ስሰብራት።
ቅቤ በነካ ቆርቆሮ አፈሰስኩት በስሱ፤
«እጅህን አርቅ! ከፈላ ዘይት ይብሳል ትኩሱ!»
ሲበርድ ሰበርኩት፤ ተሸራረፈ፣ ደቀቀ፤
የጥቅምት ውርጭ መሰለ፣ መስኮቱ ሥር ፈነጠቀ።
ሹል ሹሉን ለቀምኩት፤ ሕፃን አለ በሰርጉ፤
ደቃቁን በወንፊት ነፋሁት፣ እንደ ዱቄት ወጉ።
የኬኩን ጠርዝ ማር ቀባሁ፣ የሰከላ ማር፣ ቀጭን፤
ስኳሩ እንዲይዝልኝ፤ ሌላ ማጣበቂያ ምን አለን?

የአስረበብ እናት ደግሞ ዶቃ ልካ ነበር።
ከሰሃኑ ዙሪያ ነው፣ አልኩ፣ የዶቃ አገር፤
ቢላዋ የማይደርስበት፣ ጥርስም የማይሰበር።
ርችት ይሰካ ቢሉኝ፣ «ደጅ ተኩሱት» አልኩ፤
አመድ የሚዘንብበትን ኬክ እኔ አልጋገርኩ።

እሑድ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ፀሐይ በስፌቱ ገብታ
ከኬኩ ላይ አረፈች፤ ወዲያው ሄደች፣ ተመልሳ መጣች፣ እንደ ጨዋታ።
አልጮኸም ድምቀቱ።
እውነቱን ልናገር፣ የብልቃጡን ያህል አልነበረም፤
«ደብዘዝ አለ» ያሉ ነበሩ።
ከሚዜዎቹ ወንበር ምኒችል በቅንድቡ ጠየቀኝ፤
ቀና ብዬም አላየሁት።

ያኔ አንዲት ንብ፣ ማንም ሳይጠራት፣
በዚያው በስፌቱ፣ ፀሐይዋ በገባችበት፣
ገባች።
ዞረች፣ አንዣበበች፣ ከዶቃው አረፈች፤
አንድ አፍታ ዳሰሰች፤ ተወችው፣ ተነሣች፤
ከስኳሩ ስብርባሪ፣ ጫፉ ላይ፣ ቁጭ አለች።
ምላሷን ዘረጋች።

«ይቆረስ! ይቆረስ!» ይላል እድምተኛው፤
አስረበብ እጇን ዘርግታ ቢላዋ ትጠብቃለች።
ቆይ፣ አልኩ፣ ቢላዋውን ከኋላዬ ደብቄ፤
ቆይ እስቲ፣
እሷ እስክትጠግብ።