ስም ማዞር

እቁብ ወጣልኝ፣ ዕጣ አሥራ ዘጠኝ፤
ደስታው አንድ ማታ፣ ሐሳቡ ወር ፈጀኝ።

በቢሮው ምሳ ላይ ሁሉም መካኒክ ሆነ፣
ያንዱ ምክር ሳያልቅ የሌላው ገነነ።
«ናፍጣ ግዢ» አለኝ የመዝገብ ቤቱ ኩምሳ፣
«ሆዱ የወፍ ሆኖ፣ ጉልበቱ የአንበሳ!»
ዘቢደር ሳቀችበት፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ፦
«ሰልፉንስ ማን ይቁም፣ ሌሊቱን ለናፍጣ?»
«የባትሪ ዘመን ነው» ሲል ሌላው ጣልቃ ገባ፣
«መብራት የጠፋ 'ለት ልታዝለው በጀርባ?»

እኔ ግን በልቤ ሌላ እቆጥራለሁ፤
ክረምት ስንት ጫማ እንደበላብኝ አውቃለሁ።
የራሴ በር ቢኖረኝ፣ ገጭ ብሎ የሚዘጋ፣
ብቻዬን የማለቅስበት፣ ሌላ ሰው የማይጠጋ።
ይህ በሊትር አይሰፈር፣ በኪሎ ሜትር አይለካ፤
ኩምሳም ዘቢደርም አልጠየቁኝም ለካ።

ደላላው ጉልላት በስልክ ቀጠረኝ፣
ለገሃር ጀርባ ላይ ከአንዲት ነጭ አገናኘኝ።
በዕድሜ ከእኔ ሁለት ዓመት ታንሳለች፤
ቀለም ተቀብታ ሙሽራ መስላለች።
«የሐኪም መኪና፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፤
ሌላ መንገድ ካወቀች ይፍረድብኝ ኪዳን!»
ቁልፉን ነካ ሲያደርግ ወዲያው ተነሣችና፣
«ሰማሽ?» አለኝ ኮርቶ፣ «ድምፅ ነው በገና?»

ሙደሲር ዝም አለ። ከሶማሌ ተራ
ለጆሮው ነው ያመጣሁት፣ ውሸት ለሚያጣራ።
ጆሮውን ግን ተወው፤ መዳፉን ዘርግቶ፣
እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ኮፈኗን ነክቶ፦
«ትኩሳት አላት» አለ፣ «ቀድመህ አሙቀሃታል፤
ናፍጣ ሲሞቅማ ማንንም ያታልላል።
አንቺ ግን፣ እህቴ፣ ነገ በማለዳ ነይ፤
ማንም ሳይነካት፣ በብርዱ ነው የምትታይ።»

ሲሸኘኝ ጨመረ፦ «ናፍጣ መንገድ ይወዳል፣
ሞጆን አልፎ አዋሽ ሲወርድ ጤናው ይመለሳል።
ከተክለሃይማኖት ካዛንቺስ ምኑ መንገድ ነው?
ሳይሞቅ ደርሰሽ ታጠፊዋለሽ፤ ጥቀርሻ ነው የሚያንቀው።»

በማግስቱ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል።
የመጋዘኑ ጥበቃ ሁለት ኮት ደርቦ ያንጎላጃል።
ከአጥሩ ማዶ የታክሲ ሰልፍ፣ ገና ሳይነጋ ተጣጥፎ።
ያ ሰልፍ የእኔ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ቆሜበታለሁ፤
የሰው ጭስ እየጠጣሁ፣ አፍንጫዬን በሻርፕ ይዤ፣
ያለፈውን ባለመኪና ሁሉ በሆዴ ረግሜበታለሁ።

ጉልላት ቁልፉን አዞረ።
ሳል።
ደግሞ አዞረ።
ሳል፤ ረዥም፣ ከደረት የሚመጣ።
«ብርዱ ነው» አለ።
«ባትሪው ነው» አለ።
«ትናንት እኮ…» አለና ተወው።
ሙደሲር እጁን ኪሱ ከትቶ መሬት መሬት ያያል።

በአራተኛው ተነሣች።
ከማርሚታዋ ጥቁር ነገር ተንከባሎ ወጣ፣
አጥሩን ተሻገረ፣
ሄዶ ሰልፉ ላይ ተኛ።
አንዲት እናት የልጇን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፤
ከዚያ ቀና ብላ አየች።
ጉልላትን አይደለም።
ሙደሲርን አይደለም።
እኔን። የመኪናዋን በር ይዤ የቆምኩትን እኔን።

ውል አልፈረምኩም።
ቀብድ አልሰጠሁም።
ሊብሬው ገና በሐኪሙ ስም ነው፣
እውነት ሐኪም ከነበረ።
ጭሱ ግን ያን ማለዳ
ያለ ቴምብር፣ ያለ ምስክር፣
በእኔ ስም ዞረ።

ጉልላት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እህስ?» ይለኛል።
ሞተሩ አሁን ሞቆ ያንጎራጉራል።
ሰልፉን ዞሬ አየሁት።
ቦርሳዬን ዳበስኩት።
«የመጨረሻ ዋጋዋ ስንት ነው?» አልኩት።