ሁለት ቀትር

ሠላሳ አንድ ዓመት ገመድ ሲጎትት፣
ከማማው መስኮት ደፍ፣ በቢላ ያሰመራት
አንዲት ጭረት ነበረች፤ ጥላው ሲነካት
«ቀትር ነው» ይላል፤
ሃርሞንፎርድ ያምናል።

ኤልካና ስቶድ፣ የከተማው ደዋይ፣
ኪሱ ሰዓት የለም፤ ሰዓቱ ፀሐይ።
ከአርባ ማይል ማዶ ያለችው ከተማ
ሦስት ደቂቃ ቆይታ ነው ቀትር የምትሰማ፤
ማንም አልከሰሰ፣ ማንም አልተቀየመ፤ ፀሐይ አትታማ።

ኋላ ባቡር መጣ።
ባቡር ጥላ አያውቅም፤ ባቡር የሚያውቀው
ሐዲድና ሰሌዳ፣ ከፊቱ ቆሞ የሚጠብቀው
ሌላ ባቡር ነው።
«ሰማይ አይታረስ» ይል የነበረ ሰው
ይምጣና ይመልከት፤
የባቡር ጌቶች በአንድ ስብሰባ፣ በእርሳስ አረሱት፤
በአራት ትልም ከፈሉት፤
በየትልሙም አንዳንድ ሰዓት ዘሩበት።

ኅዳር ነው፤ እሑድ ነው፤ ስብከቱ አብቅቷል፤
ጥላው ጭረቷ ላይ ደርሷል፤
ኤልካና አሥራ ሁለቴ ደውሏል።
ካፖርቱን ሲቆልፍ፣ ከደረጃው ሥር የሰው እግር ሰማ፤
የጣቢያው ልጅ ነው፣ ቴሌግራም ይዞ፣ ትንፋሽ ያጠረው።
«ሚስተር ስቶድ፣ ይኼ ቀትር አይደለም፤
ከሃያ ስምንት ደቂቃ በኋላ ይደገም
ይላል ወረቀቱ።»
ሽማግሌው አየ፦ ጥላውን። ወረቀቱን።
ጥላውን እንደገና።
ገመዱን ለልጁ ሰጠና
«አንተ ደውል» አለ፤ «እኔ ያላየሁትን
አልመሰክርምና።»

ቀትር ሁለት ሆነ በአንዲት ከተማ፤
ምሳ ሁለቴ የበላ ግን አልተሰማ።

ሰኞ ገና ሳይነጋ፣ ሴት ልጁ ሚነርቫ፣
ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ የምትሰፋ፣
በአባቷ አቆጣጠር ማልዳ ከቤት ወጣች፤
በሩ ተቆልፏል። ውርጩ ላይ ቆመች።
ብቻዋን አይደለች፤ አዳሊን ክሩክ አለች፤
መበለቷ ዴሊያ፣ ሻሏን ተከናንባ፤
ከቦሄሚያ የመጣች፣ ስሟን የማያውቋት አንዲት ልጅ፤
አዲሱ ሰዓት ገና ያልደረሰው
አሥራ ሰባት ጥንድ እግር።

ውስጥ ቢሆን፣ ማሽኑ ሲያጓራ ሰው ከሰው አይሰማማም።
አምስት ደቂቃ ላረፈደች የሩብ ቀን ይቆረጣል፤
ለሳቀች ምን እንደሚቆረጥ ያወቀ የለም፤ የሳቀም አልነበረም።
ስድስት ዓመት ክንድ ለክንድ ተነካክተው ሰፍተው
አንዷ የሌላዋን ድምፅ አታውቅም።

አሁን ግን ይቺ ሃያ ስምንት ደቂቃ፣
የፀሐይ ያልሆነች፣ የባቡር ያልሆነች፣
ከሁለት ቀትር መሐል እንደ ፍርፋሪ የወደቀች፣
የደመወዝ መዝገብ ያልጻፋት፣ ካቦው ያላያት።

አዳሊን እጇን በትንፋሿ እያሞቀች
«ላንቺ በጥንድ ስንት ነው የሚከፍሉሽ?» አለች።
ሚነርቫ ነገረቻት።
የቦሄሚያዋ ልጅ ቋንቋ ስላጠራት
አምስት ጣቷን ዘረጋች፤
ቀስ ብላ ሁለቱን አጠፈች።
ዝም አሉ።
ፊሽካው ነፋ። ገቡ።

ማክሰኞ፣ ማንም ሳይቀጥራቸው፣ በኤልካና ጥላ ቆጥረው መጡ፤
ረቡዕ አርባ ሆኑ፣ ውርጩን እየረገጡ።