ሁለተኛው ድምፅ

ሙጋድ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣ በአንድ ክንድ ተኩል ቤት
ዲስክ እገለብጣለሁ፤ ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት።
የሠርግ፣ የምርቃት፣ የክርስትና፣ የሐጅ ሽኝት፤
የሰው ደስታ ሁሉ ያልፋል በእኔ በኩል፣
የማላውቃት ሙሽራ ፊቴ ቁጭ ብላ ስትኳል።

ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ መስተዋቱን ባለበሰው ቀን
ጦይባ ይመር መጣች። ዣንጥላዋን አጠፈች፣
ፍላሿን እንደ ተቀደደ ብር ጠረጴዛው ላይ ጣለች።
«አባቴን አጠፋኸው» አለችኝ፣ ሳትቀመጥ።

«እኔ?»

«አንተ። ዲስኩን ሰጥቼህ ወደዚህች ገልብጥልኝ አልኩህ፤
ገለበጥክልኝ።
ድንኳኑ አለ፣ መኪናው አለ፣ እኔም አለሁ።
አባቴ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣
እንደ ዓሣ።
ከላዩ ላይ ኦርጋን ይጮኻል።»

ዲስኩን አምጪው አልኳት። ፊቱ ላይ በእስክሪብቶ
«የጦይባ ሠርግ ፪ሺህ፩» ይላል፤ ጀርባው ተጭሯል።
ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩት። ኦርጋን።
ሪሞቱን አነሳሁ። የሌሎቹን ቁልፎች ጽሑፍ
አውራ ጣት በልቶታል፤
ጥግ ላይ አንዲት አለች፣ ገና እንደ አዲስ የምትነበብ፣
ማንም ነክቷት የማያውቅ።
አንዴ ብጫናት
ኦርጋኑ ተቆረጠ፤
ድስት ተንኳኳ፣ ሕፃን አለቀሰ፣ ዝናብ ሸራውን ደበደበ፣
ከዝናቡም ሥር የአንድ ሽማግሌ ጉሮሮ ተጠረገ።

ጦይባ ወንበር ፈለገች።

ካሜራማኑ አራጋው፣ ነፍሱን ይማረውና፣
ብልህ ሰው ኖሯል፤ ሁለት ድምፅ ነው የቀበረው፤
አንዱን ለጎረቤት፣ በዘፈን የሸፈነውን፣
አንዱን ለባለቤቱ፣ የሆነውን እንደሆነው።
የእኔ ፕሮግራም ግን እንደ ሰነፍ ዘበኛ
ቀድሞ የመጣውን ያስገባና በሩን ይዘጋል፤
«ሌላስ አለ?» አይልም።
እኔም አላልኩም። ዐሥራ አንድ ዓመት።
ስንት ጉሮሮ በር ላይ ቀረ?

«ማሕፀንሽ ይለምልም፣ ምድጃሽ ይሙቅ» ይላሉ፤
ሰዉ «አሚን» ይላል።
ከዚያ ያለቀ መስሏቸው፣ ማይኩ ግን ክፍት ነው፣
ወደ ጎን ዞር ብለው ለአንድ ሰው፣ ቀስ ብለው፦
«ኮምቦልቻ ቅርብ ነው ይሉኛል፤
ሐረጎን የወረደች ልጅ ሁሉ ሩቅ ናት።»
ቀጥሎም ካሜራውን አዩት፦
«ይኼ ድምፅም ይይዛል እንዴ?»

ጦይባ ሳቀች። ከዚያ አልሳቀችም።

ሁለቱም ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ሁለቱንም አወጣሁ።
መብራት ሄደ። መጣ። እንደገና አወጣሁ።
አሁን ደግሞ ከንፈር ቀደመ፤ እንደ ገደል ማሚቶ
የአባት ቃል ከአባት አፍ ኋላ መጣ፣ ተጎትቶ።
በሺህኛ ሰከንድ፣ በሺህኛ ሰከንድ ሳብኩት፤
የማስተካክለው በ«ም» ነው፤ «ም» ያለ ከንፈር አይዋሽም፣
ሳይገጥም አይወጣም።
ሦስት መቶ አርባ ላይ
«ይለምልም» አፋቸው ውስጥ ገባ።

«የእኛ ቴሌቪዥን ሪሞት የለውም» አለች፣ «ልጆቹ ሰበሩት።»
ያ ማለት ፊት የተቀመጠው ብቻ ይሰማል፣
ሌላው ቤት ውስጥ እያለ እንደሌለ ይሆናል።
ስለዚህ ተራውን ለወጥኩ፤
አባትየው አንደኛ፣ ኦርጋኑ ሁለተኛ።
«ባልሽ ዘፈኑን ቢፈልግስ?»
«ይፈልግ» አለች። «ፈልጎ ያግኘው።»

ሒሳብ አልቀበልም ልላት ነበር፤
ተቀበልኩ። ኪራይ ነበረብኝ።

ከሄደች በኋላ ባለቤት ያልመጣላቸውን ዲስኮች
ከካርቶኑ አወጣሁ፤ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ሰባት አየሁ፣
ያቺን ቁልፍ እየተጫንኩ።
ስድስቱ ያላቸው አንድ ድምፅ ብቻ ነው።
ሰባተኛው፣ የማን እንደሆነ ያልተጻፈበት፣
ሁለተኛው ላይ ዝናብ አለው። ሌላ ምንም።
ዝናቡን
እስኪያልቅ ሰማሁት።